የቃጫ ጥርሴ እና ያልሰጠሁት እሺታ

ክር በጥርሳችሁ የምትበጥሱ እኅቶቼ፣ ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ፊት አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ለሚኖሩ ሁሉ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የሕክምናውን ነገር የምነግራችሁ ሐኪሟና ጥርስ ሠሪው እንዳስረዱኝ፣ ለእኔም በገባኝ መጠን ነው። አነጋገሬ ላይ ስሕተት ቢኖር የእኔ ነው። ጥርሱ ግን ስሕተት የለበትም፤ ይኸው አሁንም አፌ ውስጥ ነው።

ስሜ ሰዓዳ ነው። የሐርቡ ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሸሚዝ ላይ ኮሌታ እገጥማለሁ። በእኛ መስመር መቀስ አለ፤ ግን ከጠረጴዛው እግር ጋር በገመድ የታሰረ፣ ለብዙ ሰው አንድ ነው። እሱን ለማግኘት «አቀብይኝ» ማለት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ «አቀብይኝ» ማለት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጎንበስ እልና ክሩን በፊት ጥርሴ ቀጭ አደርገዋለሁ። ሌሎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ፈጣን ሠራተኛ የሚባለውም በጥርሱ የሚበጥሰው ነው። የመስመራችን ኃላፊ አንድ ቀን «ሰዓዳን እዩአት፣ ከነመቀሷ ነው የተወለደችው» ብሎ ሰው ፊት አመሰገነኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ነበር። ላይኛው የፊት ጥርሴን እንደ መርፌ ጠቅ አደረገኝና ተወኝ። ትንሽ ቆይቶ ትኩስ ሻይም ያመኝ ጀመር። ከዚያ ሕመሙ ቦታ ቀየረ፤ ወደ አፍንጫዬ ሥር፣ ወደ ዓይኔ፣ አንዳንዴም ወደ ጆሮዬ ይሄዳል። ቤት አብራኝ የተከራየችው የኩታበሯ ልጅ ብርቱካን አንድ ቀን ስስቅ አየችኝና አገጬን ያዘችኝ።

«አንቺ! እስቲ አፍሽን ክፈቺ። ጥርስሽ እኮ መጋዝ ሆኗል!»

«ተይኝ፣ ምንም አይደለም።»

«እንዴት ምንም አይደለም? መሐሉ ተቦርቡሮ! አንቺ ሸሚዙን ስትሰፊ ክሩ አንቺን ሲበላሽ ከርሟል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሻርፔ ጫፍ አፌን መሸፈን ለመድኩ። ማንም አልጠረጠረም። በእኛ አገር አፏን የምትሸፍን ልጅ ትመሰገናለች። «ሐያእ ያላት ልጅ» ይሉኛል፤ ሐያእ የሚወደደው ዓይነት እፍረት ነው። እኔ የደበቅኩት የተቦረቦረ ጥርስ፣ እነሱ ያዩት ጨዋነት።

ሕክምና አልሄድኩም ማለት አይደለም። መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ሄጄ ማስታገሻ ገዛሁ። እሱ አልሆን ሲል አንድ ክሊኒክ ገባሁ። የሚያመኝን ቦታ ሲጠይቁኝ ከዓይኔ በታች በጣቴ አሳየሁ። «ሳይነስ ነው» ተባልኩ። ሳይነስ ማለት ፊታችን አጥንት ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩት፤ ሕመሙ አላለቀም። ሌላ ቦታ ስሄድ ደግሞ ጆሮዬን አሳየሁና «የፊት ነርቭ ነው» ብለው የቪታሚን መርፌ ወጉኝ። እውነቱን ለመናገር ሐኪሞቹን አልወቅስም። ማንም «አፍሽን ክፈቺ» አላለኝም፤ እኔም ከሻርፔ ሥር ሆኜ «ጥርሴ ነው» አላልኩም። ለእናቴ የምልከው ሁሉ ለመድኃኒት ሄደ። ሲመሽ እንቅልፍ እንቢ ይለኝና ትራሴን ነክሼ እቀመጣለሁ፤ ብርቱካን እንዳትነቃ ብዬ። ለካ ነቅታ ኖሯል፤ ጠዋት ምንም ሳትናገር ጨው ያለበት ለብ ያለ ውኃ አስቀምጣልኝ ትወጣ ነበር።

አንድ ቀን ጉንጬ አብጦ ተነሣሁ። ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጄ ሐርቡ እናቴ ጋ ሄድኩ። እናቴ የምትተዳደረው ቃጫ በመፋቅ ነው። የቃጫውን ቅጠል ፍቃ፣ ጭረቱን አድርቃ፣ ገመድ ፈትላ ገበያ ትወስዳለች። ስታየኝ ያልተጨረሰ ገመድ ከእጇ ወደቀ። ቅርንፉድ ፈጭታ ድዴ ላይ ጠቀጠቀችልኝ፤ ፊቴን በሻርፕ ጠቅልላ ጓዳ አስተኛችኝ።

ነገር የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። በማግሥቱ ሽማግሌዎች መጡ። ደሴ ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ላለው ሰይድ ለሚባል ሰው እኔን ሊጠይቁ። አባቴ ስለሞተ ወሊዬ፣ ማለትም በኒካሕ ጊዜ ስለ እኔ የሚቆመው፣ የአባቴ ወንድም አጎቴ ይማም ነው። እንግዶቹን ካስተናገደ በኋላ ወደ ጓዳው መጋረጃ መጣና፣

«ሰዓዳ፣ ትሰሚያለሽ? ለሰይድ ሊወስዱሽ መጥተዋል። ምን ትያለሽ?» አለኝ።

አፌ ውስጥ ቅርንፉድ ነበር። ከቅርንፉዱ ሥር ደግሞ መግል ነበር። ከንፈሬን ባላቅቅ ሕመሙ ወደ ጭንቅላቴ ይወጣል። ራሴን ልነቀንቅ አሰብኩ፤ አንገቴም አብጧል። እንባዬ ወረደ እንጂ ቃል አልወጣኝም። በእኛ ዘንድ ድንግል ልጅ ስለ ትዳር ተጠይቃ ከእፍረት ዝም ካለች ዝምታዋ እንደ ፈቃዷ ይቆጠራል። ካለቀሰችማ ይበልጥ ደንበኛ ሙሽራ ሆነች ማለት ነው። አጎቴ መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርጎ የተሸፈነ ፊቴንና እንባዬን አየ። ወደ እንግዶቹ ተመልሶ፣

«ዝም ብላ ታለቅሳለች። ፈቅዳለች!» አለ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴም እልል ስትል ሰማኋት። እኔ ያለቀስኩት ከጥርሴ የተነሣ ነበር።

ሰይድ መጥፎ ሰው ነው አልልም። አላውቀውም። ግን ከተጋባን በኋላ ፋብሪካውን ትቼ ደሴ ቤት እንድቀመጥ ተነጋግረው ነበር። እኔ በራሴ እጅ ሠርቼ የማድርበትን ኑሮ ገና መጀመሬ ነበር፤ ትዳር ልቤ ውስጥ አልገባም። ይህን ለማን ልንገር? ለአጎቴ? አጎቴን ቀና ብዬ እንኳ አይቼው አላውቅም። ቃሉ ደግሞ በሰው ፊት ተሰጥቷል። ኒካሑ እኔ እስክድን ድረስ ይቆይ ተባለ። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንድድን ዱዓ ያደርግልኛል፤ እኔ ደግሞ መዳኔን እፈራዋለሁ።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ትኩሳት ጣለኝ። ዓይኔ ተከደነ። እናቴ በሚኒባስ ደሴ ወሰደችኝ። ያ መንገድ ሽቅብ ነው፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ጭንቅላቴ የሚፈነዳ ይመስለኛል። የጥርስ ክሊኒኩ መጠበቂያ ላይ ሰው በአግዳሚው ተደርድሮ፣ አንዱ ቀኝ ጉንጩን፣ አንዱ ግራ ጉንጩን ይዟል። አንድ የገጠር ቄስ እኔን ሲያዩ ከነመቋሚያቸው ተነሡና «ይህች ልጅ ትቅደም፤ የእኔስ ሕመም የቆየ ጓደኛዬ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀና ተራውን ለቀቀልኝ። እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ከለከሏት። እስከ ዛሬ እመርቃቸዋለሁ።

ሐኪሟ ሴት ነች፤ ወጣት፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ። መጀመሪያ ያለችኝ ቃል «ሻርፑን አውርጂና አፍሽን ክፈቺ» ነው። ለዚህች ቃል ስንት ጊዜ ተንከራተትኩ! አየችና ወደ እጆቼ ተመለከተች።

«ምንድን ነው ሥራሽ?»

«ስፌት» አለች እናቴ ስለ እኔ።

«ክር በጥርስሽ ትበጥሻለሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ጥርሱ በክር ተቦርቡሮ እንደተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ቆሻሻ ገብቶ ሥሩ እንደሞተ፣ መግሉ ከሥሩ አልፎ አጥንቱን እንደያዘ አስረዳችን። ሳይነስም ነርቭም አልነበረም። ድዴን ቀድዳ መግሉን አፈሰሰችው። እኅቶቼ፣ ያ የተሰማኝ እፎይታ ከእናቴ ማሕፀን እንደ ገና እንደ መወለድ ነው። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ሁለቱን የላይ የፊት ጥርሶቼን ነቀለቻቸው። መግሉ የጎኑንም ጥርስ ስለያዘው ሊተርፉ አልቻሉም።

ዳንኩ። ግን በመስታወት ራሴን ሳይ ሁለት ጥርስ ያህል የጨለማ በር ከፊቴ ተከፍቷል። ስሜን ስጠራ ነፋስ ይወጣል እንጂ «ሰዓዳ» አይወጣም። ፋብሪካ ስመለስ አዲስ የመጣች ልጅ ስሜን ጠየቀችኝና ደግማ ጠየቀችኝ፤ ሦስተኛ እንዳትጠይቀኝ ብዬ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ብርቱካን ስለ እኔ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ ብርቱካን ስለ እኔ የማትመልሰው ነገር አልነበረም።

ሐኪሟ ተነቃይ ጥርስ አዘዘችልኝ። ሁለቱ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ላንቃ ላይ በሚቀመጥ ሮዝ ፕላስቲክ ላይ ይተከላሉ። ፕላስቲኩን አክሪሊክ ሬዚን ይሉታል፤ ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ እንደ ሊጥ ይታሽና በጄሶ ቅርጽ ውስጥ ተቀቅሎ ይደርቃል። የሚሠራው ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች ክፍል የሚቀመጠው ጋሽ አሰፋ ነው። ጋሽ አሰፋ ብዙ ያወራል፤ ከሰው ጋር ሳይሆን ከጥርሶቹ ጋር።

የመጀመሪያው ተነቃይ ጥርሴ ደረቅ ዳቦ ስቆርስ መሐል ለመሐል ቷ አለ። ጠግኖ ሰጠኝ። ያው መስመር ላይ እንደ ገና ተሰበረ፤ አሁን ደግሞ ሥራ ቦታ፣ ሳስነጥስ። ግማሹ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ኃላፊው «ሰዓዳ፣ ይህ ቁልፍ የማን ነው?» ብሎ አነሣው። ቁልፍ አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

በዚያ መሐል ከሐርቡ መልእክት ደረሰኝ፤ አጎቴ «ልጅቱ ድናለች፣ ሽማግሌዎቹን ለቀን መቁረጫ ልጥራቸው» እያለ ነው። የምናገርበት አፍ ሳይኖረኝ ቀኑ ሊቆረጥብኝ ነው።

ደሴ ሄድኩና ስብርባሪውን በመሐረብ ቋጥሬ ለሐኪሟ ሰጠኋት። «አነካከስሽ ነው» አለችኝ። የታች ጥርሶቼ ወደ ላይ ጠልቀው ስለሚመቱ፣ ተኝቼም ስለምነክስ፣ ፕላስቲኩ መሐሉ ላይ ይደክማል። ብረት ያለበት ይሠራል፤ እሱ ግን የእኔ አቅም አይደለም። ከዚያ ጋሽ አሰፋን ጠራችው።

ጋሽ አሰፋ ከኪሱ ሁለት ጠፍጣፋ የሮዝ ፕላስቲክ ቁራጮች አወጣ።

«እንኪ፣ ይህን ስበሪው።»

በሁለት እጄ ጫን ስለው ቀጭ ብሎ ተለያየ።

«ይኸኛውንስ?»

ጫንኩት። አልሰበር አለ። ጎበጠ። ደግሜ በጉልበቴ ላይ ስጫነው ውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ተሰነጠቀ እንጂ አልተለያየም። ሁለቱ ግማሾች በቀጫጭን ነጭ ጭረቶች ተያይዘዋል።

«ምንድን ነው ውስጡ ያለው?» አልኩ። ሻርፔን አንሥቼ መጠየቄን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

«ጭድ» አለ እየሳቀ። «አባትሽ ቤት ሲመርግ ጭቃውን በጭድ አላቦካውም? ጭድ የሌለው ምርጊት ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቅና ይወድቃል።»

«በቃ! ይህም ያው ነው። ውጭ አገር የመስታወት ክር ይጨምሩበታል፤ እኛ ጋ እሱ አይገኝም። አሁን ደግሞ በዕፅዋት ክር የሚሞክሩ እንዳሉ አንብቤ ነው የጀመርኩት፤ በተልባ ግንድ፣ በቃጫ። ይህ ቃጫ ነው። ከገበያ ገመድ ገዝቼ ፈታሁት፤ ግን ገመዱ ዘይትና አቧራ የጠጣ ነው፣ ሬዚኑ በደንብ አይዘውም።»

«እናቴ ቃጫ ትፍቃለች» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ደንግጬ ሻርፔን መለስኩ።

ሐኪሟ ግን አልቸኮለችም። ወንበሯን ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። «ሰዓዳ፣ ይህ ገና ሙከራ ነው፤ ይሳካል ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ቃጫ ውኃ ከነካው ያብጣል። ጫፉ ከፕላስቲኩ ከወጣ ድድሽን ይወጋል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ስለዚህ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ አንቺም በቀጠሮሽ ትመጪያለሽ፣ እኔም አየዋለሁ። አልፈልግም ካልሽ ደግሞ የድሮውን ጠግነን እንሰጥሻለን። ማንም አይቆጣሽም። ምን ትያለሽ?»

ነቀነቅኩ።

«አይ፣ መነቅነቅ አልቆጥርም። በአፍሽ ንገሪኝ።»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀች። ጋሽ አሰፋ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ «ተው፣ አትርዳት» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ጉጠት ስንቱን ጤነኛ ጥርስ ነቅዬ ነበር!» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። የተከፈተ አፌን ሳልሸፍን፣ ነፋሱ እየወጣ፣ «እሺ። እፈልጋለሁ። ይሠራልኝ» አልኩ።

ይህች ቃል ለእናንተ ምንም ላትመስል ትችላለች። እኔ ግን በሕይወቴ ስለ ራሴ ተጠይቄ በራሴ አፍ የመለስኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ከክሊኒኩ ወጥቼ ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ለሁለት ጥርስ እንዲህ ተለምኜ ከተጠየቅኩ፣ ለዕድሜ ልኬማ እንዴት እንደ ገና አልጠየቅም?

ሐርቡ ሄድኩና ለእናቴ ነገርኳት። ቃጫ እየፋቀች ነበር።

«እማ፣ ያን ቀን ሽማግሌ ሲመጣ ፈቅጄ አይደለም ዝም ያልኩት።»

እጇ ቆመ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አፌ መግል ሞልቶት እንዴት ልናገር?»

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ ደግሞ እልል ብዬልሽ!» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «ለአጎትሽ እኔ ብነግረው የእናት ወሬ ነው ይላል። ራስሽ ትነግሪዋለሽ። አብሽሪ። ጥርስሽ ይግባ ብቻ» ብላ ካደረቀችው ውስጥ ነጩንና ለስላሳውን መርጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችልኝ።

ጋሽ አሰፋ ቃጫውን ሲያይ እንደ ሐር ዳሰሰው። ሳሙና በሚሠሩበት ኮስቲክ ሶዳ በቀጭኑ በጥብጦ ነከረው፤ ጭረቱ ላይ ያለው ሙጫ መሰል ነገር እንዲለቅ ነው። ደጋግሞ አጠበው፣ አደረቀው፣ በጥፍር ልክ ቆራረጠው። የመጀመሪያው አልተሳካም። ቃጫው ውስጥ ውስጡን እርጥበት ይዞ ስለነበር ፕላስቲኩ አረፋ አወጣ። እኔ «ትንሽ እኮ ነው፣ ይሁን» ልል ስል በመዶሻ ሰበረው። «የእኔ ሥራ አፍሽ ውስጥ የሚያድር ነው፤ ትንሽ የሚባል ነገር የለውም» አለኝ። ሁለተኛውን በደንብ አድርቆ፣ መጀመሪያ በፈሳሹ አርሶ፣ ላንቃው መሐል ላይ፣ ሁልጊዜ በሚሰበርበት መስመር፣ አግድም ረበረበውና በሬዚን ከላይም ከታችም ዘጋው። ከተቀቀለ በኋላ ደግሞ የፈሳሹ ቅሪት አፌን እንዳያቃጥለኝ ውኃ ውስጥ አሳደረው።

ሐኪሟ ጥርሱን አፌ ውስጥ ገጥማ፣ በምላሴ እየነካካሁ የሚቆረቁር ነገር ካለ እንድነግራት ጠየቀችኝ። የለም። «ስምሽን ጥሪ» አለችኝ።

«ሰዓዳ።»

ነፋስ አልወጣም። ጋሽ አሰፋ ከበሩ ላይ አጨበጨበ። ቆሎ እንዳልበላበት፣ ማታ አውልቄ በንጹሕ ውኃ እንዳስቀምጠው፣ ክር የሚባል ነገር ወደ አፌ እንዳላስጠጋ አስጠነቀቁኝ። ሰው ስለ እኔ ሰምቶ ራሱ ቤት ቃጫና ማጣበቂያ እንዳይሞክርም ተናገሪ ብለውኛል፤ ይኸው ተናገርኩ። አደጋ ነው።

ሽማግሌዎቹ ቀን ሊቆርጡ መጡ። ኒካሕ የሚያስሩት ሼሁም አብረው ነበሩ። ከሰይድ ወገን አጎቱ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከእናቴና ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። አጎቴ ይማም፣

«እንግዲህ ልጃችን አፊያ ሆናለች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኑን እንቁረጥ» አለ።

ተነሣሁ። ምላሴን ላንቃዬ ላይ አሳረፍኩ፤ ጥርሱ አለ፣ አልተነቃነቀም። መጋረጃውን ገለጥኩ። ሻርፔ ፀጉሬ ላይ ነበር እንጂ አፌ ላይ አልነበረም።

«አጎቴ፣ የምናገረው አለኝ።»

አጎቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሼሁ ቀና ብለው «ተናገሪ ልጄ» አሉኝ።

«ያን ቀን ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት ፈቅጄ አይደለም። አፌ መግል ይዞ ነበር፤ መክፈት አልቻልኩም። ያለቀስኩትም ከሕመሙ ነው። አሁን ድኛለሁ። አሁን ከጠየቁኝ፣ አልፈቀድኩም።»

መጀመሪያ የተናገሩት የሰይድ አጎት ናቸው።

«አጃኢብ! ደሴ ጥርስ ለገዛ ምላስ ይመርቃሉ እንዴ?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አጎቴ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ! በሰው ፊት ምን ልሁን?»

«እርስዎ አልዋሹም፣ አጎቴ» አልኩ። «ያዩትን ነው የተናገሩት። ያላዩት አፌን ነው።»

እናቴ ከጀርባዬ «ያን ቀን ውኃ እንኳ አልዋጠችም፤ ወላሂ ምስክሯ እኔ ነኝ» አለች።

ሼሁ ጺማቸውን እየዳሰሱ፣ «የልጅ ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው ከሐያእ ሲመጣ ነው» አሉ። «ከሕመም የመጣ ዝምታ ሕመም ነው። ይህች ልጅ በአንደበቷ ተናግራለች። በእንቢታዋ ላይ ኒካሕ አላስርም።»

የሰይድ አጎት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ኸይር ነው። ሰርጉን ከበላን በኋላ ከመስማት ይሻላል» አሉና፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ጥርሱን የሠራው ሰውዬ ግን የት ነው የሚገኘው? የእኔም ላይኛው ተሰብሮብኛል።»

ያን ጊዜ አጎቴ እንኳ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ይሁን እንጂ ከእሱ ይቅርታ ለማግኘት ጊዜ ወስዶብኛል። ለዒድ ቤታችን መጥቶ ውኃ ብቻ ጠጥቶ ሄደ። አሁን ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እንደ ድሮው ግን አልሆንንም። ሰፈር ውስጥም «የቃጫ ጥርሷ» የሚሉኝ አሉ። እኔ በዚህ ስም አልከፋም። ቃጫውን እናቴ ፍቃዋለች፣ ጋሽ አሰፋ አንጥፎታል፣ እኔ ደግሞ «ይሠራልኝ» ብዬበታለሁ። ሐኪሟ በየቀጠሮው አውጥታ ብርሃን ላይ ታየዋለች፤ ከሮዙ ሥር ነጫጭ ጭረቶቹ ይታያሉ፤ እስካሁን አልተሰነጠቀም። አንድ ቀን ሊደክም እንደሚችል ነግራኛለች፤ ያኔ ሌላ ይሠራል። ጋሽ አሰፋም ለሌሎች መሥራት ከመጀመሩ በፊት የእኔን እያየ ነው። ለሌሎች ሕክምና መንገድ ጠራጊ መሆኔ ያኮራኛል።

እናንተም መቀስ ጠይቁ። ኃላፊው ቢቆጣም ጠይቁ። ቀዝቃዛ ውኃ ስትጠጡ ጥርሳችሁን ጠቅ ካደረጋችሁ ዓይናችሁን ወይም ጆሯችሁን ሳይሆን አፋችሁን አሳዩ። ስትጠየቁም መልሱ።

ሽማግሌዎቹ በሄዱ ማግሥት ወደ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ የኋላው ወንበር ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ኋላ ስቀመጥ ሁሌም ችግር አለብኝ። መውረጃዬ ሲደርስ ጮክ ብዬ መናገር ስለማልችል፣ ሌላ ሰው እስኪያስቆም እጠብቅና የፋብሪካውን በር ርቄ አልፌ በእግሬ እመለሳለሁ። ያን ቀንም መውረጃዬ እየቀረበ መጣ። ሬዲዮው ይጮኻል፣ ረዳቱ ከፊት ወንበር ከሹፌሩ ጋር ይከራከራል። ማንም የሚወርድ አልነበረም።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ድምፄ ከፊት መስታወቱ ደርሶ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መኪናው ቆመ። ወረድኩ።